«ፋቂ» ላላችሁኝ

ዛሬ ይዤ የቀረብሁት ግጥም አይደለም፤ ሙግት ነው። ሙግቱም ከሩቅ ሰው ጋር አይደለም፤ ሥነ ጽሑፍ እንወዳለን ከምንለው ከእኛው ጋር፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ከራሴ ጋር ነው። መነሻውን ስትሰሙ ትስቁ ይሆናል። ከእጅ መዳፍ እምብዛም የማትሰፋ፣ ውፍረቷ ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ አንዲት የዋንዛ ገበታ ናት። ስለ እርሷ በአደባባይ ዋሽቻለሁ። ዛሬ ውሸቴን ልመልስ ነው የተቀመጥሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ የሰው ገንዘብ ስቆጥር እውላለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ታላቅ ወንድሜ ከአገር ሲወጣ ትቶልኝ የሄደውን አሮጌ ጊታር እቆረቁራለሁ። ዋዛ ተጫዋች ነኝ፤ ግጥም ሳነብ ከሥር የምታጅበኝ ያህል ብቻ ነው የማውቃት። ጊታር የያዘ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ፣ ከቀጫጭኖቹ ክሮች በታች፣ ደረቱ ላይ የተለጠፈች ስስ ገበታ አለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ መምቻው ሲወርድ ሲወጣ የጊታሩን ደረት እንዳይቧጭረው መከላከል። ባለሙያዎቹ «ፒክጋርድ» ይሏታል፤ እኔ «መከታ» ብያታለሁ። የጊታር ደረት አብዛኛውን ጊዜ ስፕሩስ ከሚባል ለስላሳ የባሕር ማዶ እንጨት ይሠራል፤ መከታ ከሌለው ጥፍርና መምቻ እያረሱት ይሄዳሉ። ዊሊ ኔልሰን የተባለው አሜሪካዊ ዘፋኝ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የያዛት፣ «ትሪገር» ብሎ የሰየማት ጊታር አለችው። በጣት ለመጫወት የተሠራች ስለሆነች መከታ የላትም፤ እርሱ ግን በመምቻ እየመታት ዓመታት ስላለፉ ደረቷ ላይ ትልቅ ቀዳዳ ተከፍቷል። ለእርሱ ጌጥ ሆኖለታል። ለእኔ ግን የወንድሜ ጊታር ናት።

የእኔዋ መከታ ጥቁርና ቡናማ የተቀላቀለባት ዝንጉርጉር ፕላስቲክ ነበረች። በደጋው በጋ ደረቅ አየር ጠርዟ እየተሸበለለ ተነሣ፤ አንድ ማታ በመምቻዬ አካፍቼ ሰበርኋት። ምትክ ፈለግሁ። በከተማችን ጊታር ራሱ እንደ ልብ አይገኝ፣ እንኳን የጊታር መከታ! አዲስ አበባ ያለ ወዳጄን አስቸገርሁ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት የላከልኝ ዕቃ ሳይደርስ ወራት አለፉ። በዚህ መካከል ደረቱ ላይ ሦስት ጭረት ተሰመረ።

ያኔ ነው ወደ አንድ ሽማግሌ የሄድሁት። ስማቸውን አልጽፍም፤ ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም። ማሲንቆና ክራር እየሠሩ የኖሩ ባለ እጅ ናቸው። የተሰበረችውን ፕላስቲክ በጣታቸው መካከል አገላብጠው አዩና፣ «ልጄ፣ ይችን አጥተህ ነው ይህን ያህል የተጨነቅኸው?» አሉኝ። ከጓሯቸው ከፈረሰ ቤት የተረፈ የዋንዛ መዝጊያ ቁራጭ አወጡ። እርሳቸው የሚሠሩልኝ መስሎኝ ነበር። መጋዙን ለእኔ ሰጡኝ።

ሦስት ጊዜ ሠራሁ። የመጀመሪያዋን የእንጨቱን አንጓ አቋርጬ ስለ ቆረጥኋት እጄ ላይ ተሰነጠቀች። ሽማግሌው ሳይቆጡ፣ «እንጨት ሲያድግ የሄደበት መንገድ አለው፤ መንገዱን አትቁረጥበት» አሉኝ። ሁለተኛዋ አራት ሚሊ ሜትር ወፈረች፤ ለሙከራ ደረቱ ላይ ባሳርፋት የጊታሩ ድምፅ እንደ ታፈነ ሰው ሆነ። ለካ ደረቱ ራሱ የሚርገበገብ አካል ነው፤ ሸክም ሲጫንበት ይታፈናል። ለሦስተኛዋ የአሮጌዋን ቅርጽ በወረቀት አንሥቼ፣ የዋንዛው አንጓ ከክሮቹ ጋር ጎን ለጎን እንዲሄድ አድርጌ አሰመርሁ። ከመስመሩ ጥቂት አስርፌ በመጋዝ ቆረጥሁ፤ ጠርዙን በሞረድ እስከ መስመሩ አመጣሁ፤ ፊቷን በመላጊያ፣ ቀጥሎ በጠርሙስ ስባሪ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁት። ሁለት ሚሊ ሜትር ስትሆን አቆምሁ። የላይ ፊቷን ብቻ በተልባ ዘይት ቀባኋት። የተልባ ዘይት ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚደርቅ ስለሆነ ለእንጨት ልብስ ይሆናል፤ ግን ችኩል አይወድም፤ ስስ አድርጌ ሦስት ጊዜ ስቀባ በየመካከሉ ቀናት ጠበቅሁ። የታች ፊቷን ያለ ዘይት ተውሁት፤ ማጣበቂያ ቅባት አይይዝምና። በጠንካራ ኮላ አላጣበቅኋትም፤ ሁለት እንጨቶች በዝናብና በበጋ እኩል አያብጡም እኩል አይሰበሰቡም፤ ያለ መላወሻ ከታሰሩ አንዱ ሌላውን ይሰነጥቃል። በስስ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ለጠፍኋት። ዋንዛዋ ቀላ ያለች ቡናማ ሆና ከጊታሩ ደረት ጋር ስትተያይ ለብዙ ጊዜ ቁጭ ብዬ አየኋት። ግጥም ጽፌ የዚያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

የሙግቴ መነሻ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው።

ሁለተኛዋን ስፍቅ ደጃፌ ላይ ነበርሁ። አንድ የጥበብ ወዳጄ፣ ግጥሙን የማከብርለት ሰው፣ በዚያ ሲያልፍ አየኝ። ቆመና ሳቀ። «ከመቼ ወዲህ ነው ፋቂ የሆንኸው?» አለኝ። ቀልድ ነበር። እኔም አብሬው ሳቅሁ፤ ግን ሳላስበው መላጊያውን ከኋላዬ ደበቅሁ። ከሳምንታት በኋላ የግጥም ምሽት አሰናዳን። ጊታሬን ይዤ ወጣሁ፣ አነበብሁ፣ ተጨበጨበ። በኋላ አንዲት ወጣት ወደ ጊታሩ ጠጋ ብላ፣ «ይህች እንጨት እንዴት ታምራለች! ከየት አገኛችኋት?» ብላ ጠየቀች። ያ ወዳጄ አጠገቤ ነበር። ዙሪያውን ሰዎች ነበሩ። እኔም ምንም ሳላቅማማ «ኦሪጅናል ናት፤ ከአዲስ አበባ አስመጥቼ ነው» አልሁ። ቀና ስል፣ ሽማግሌው ከመጨረሻው ወንበር ተነሥተው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ ነበር። እኔው ነበርሁ የጋበዝኋቸው። ሰምተው ይሁን ሳይሰሙ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ ጥሩ ምሽት ነበር» ብለውኝ ወጡ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። በዚያች ምሽት ያነበብሁት ግጥም ስለ ምን እንደ ነበር ልንገራችሁ? ስለ ሸማኔ እጅ ነበር።

ከዚህ ተነሥቼ ነው የምሟገተው። እኛ የፊደል ወዳጆች ባለ እጅን በስንኝ እናነግሣለን፤ በጉርብትና እናፍርበታለን። የሸማኔው መወርወሪያ፣ የሸክላ ሠሪዋ ገል፣ የአንጥረኛው መዶሻ በግጥማችን ውስጥ የሌሉበት ቦታ የለም። ግን እጃችን ሞረድ ይዞ ሰው ሲያየን እንደ ሌባ እንደነግጣለን። አባቶቻችን ይህን ኀፍረት «ቡዳ»፣ «ጠይብ»፣ «ፋቂ» እያሉ በግልጽ ይናገሩት ነበር። እኛ ተምረናል፤ እንዲህ ያለ ቃል አናወጣም። በቦታው የተካነው «ኦሪጅናል» የሚለውን ቃል ነው። ስድቡ ስሙን ቀይሮ ዘመናዊ ልብስ ለበሰ እንጂ አልሞተም። «ኦሪጅናል አይደለም» ማለት «ሰው ሠርቶታል፣ ያውም የምናውቀው ሰው» ማለት ነው።

ለመሆኑ ይህ ኦሪጅናል የምንለው ነገር ምንድር ነው? የእኔን ሰባራ ፕላስቲክ እንውሰድ። ያ ዝንጉርጉር መልኳ ከየት መጣ? ከኤሊ ነው። በድሮ ዘመን በአውሮፓ የማንዶሊንና የመሰል መሣሪያዎች ደረት ላይ ይለጠፍ የነበረው የባሕር ኤሊ ልባስ ነበር፤ ጥቁርና ቡናማ ዝንጉርጉር ነው። በ1870 እ.ኤ.አ. ጆን ዌስሊ ሃያት የተባለ አሜሪካዊ ሴሉሎይድ ለሚባለው ሰው ሠራሽ ነገር የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ መነሻው ለቢሊያርድ ኳስ የሚሆን የዝሆን ጥርስ ምትክ ፍለጋ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሴሉሎይድ የኤሊ ልባስ እያስመሰለ ይሠራ ጀመር፤ የጊታር መከታም ሆነ። ሴሉሎይድ ሲያረጅ ይሰበሰባል፣ ይሸበለላል፤ አንዳንዴም የተለጠፈበትን እንጨት ይሰነጥቃል። ኤሊዋ ራሷ ከምድር ልትጠፋ ስለ ደረሰች በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ ንግዷ ታገደ። የእኔዋ ደግሞ ሴሉሎይድም አልነበረችም፤ ሴሉሎይድን የምታስመስል ርካሽ ፕላስቲክ ነበረች። እንግዲህ «ኦሪጅናሏ» ኤሊን ያስመሰለውን ያስመሰለች ናት። ከሽማግሌው ጓሮ የወጣችው ዋንዛ ግን ዋንዛን እንጂ ማንንም አታስመስልም። ከሁለቱ ኦሪጅናሏ ማን ናት? እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እውነተኛይቱን ክጄ በአስመሳይቱ ስም ጠራኋት።

የፈረንጅ ምስክር ካላየን አናምን ለምንል ደግሞ አንድ ልጨምር። ብሪያን ሜይ የተባለው እንግሊዛዊ ጊታሪስት ገና ወጣት ሳለ፣ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከአባቱ ጋር ሆኖ በቤታቸው ጊታር ሠራ። አንገቷን ያበጁት ከአሮጌ የምድጃ ክፈፍ እንጨት ነው፤ ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት የወጡ ስፕሪንጎችም ገብተውባታል። ከዚያ በኋላ በዓለም መድረኮች ሁሉ ይዟት የዞረው ያችኑ ነው። እርሱን ማንም «ፋቂ» ብሎ አልሳቀበትም፤ ብልህ ተባለ። እኛ ዘንድ ከፈረሰ ቤት መዝጊያ መከታ የሠራ ሰው ከአዲስ አበባ አስመጥቻለሁ ብሎ ይዋሻል።

እስቲ ወደ ራሳችን እንመለስ። የአገራችን የዜማ ዕቃ ምን ጊዜ ነው «ከፋብሪካ ካልመጣ» ያለው? ማሲንቆው የፈረስ ጭራ፣ የፍየል ቆዳና አራት ሳንቃ ነው። ክራሩ በእንጨት ገበቴ ፋንታ የብረት ሳህን ሲያገኝ አላፈረም፤ በጅማት ፋንታ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ሲያገኝ ተቀበለው፤ እንደ ቆመ ነው። በገናው ዐሥር አውታሩን ከበግ አንጀት ይፈትላል፤ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የሚገቡት «እንዚራ» የሚባሉ ጥቃቅን የቆዳ ቁራጮች ናቸው ያን የሚያንዘረዝር፣ ልብ የሚያሳርፍ ድምፅ የሚሰጡት። ቁራጭ ቆዳ ናቸው! ቢጠፉ ባለ በገናው ቆርጦ ይተካል እንጂ እስኪመጡለት አይጠብቅም። ልጆቻችን እንኳ በቡሄ ሰሞን ልጡን እየገመዱ ጅራፋቸውን ራሳቸው ይሠራሉ፤ «ኦሪጅናል ጅራፍ ግዙልኝ» ያለ ልጅ አላየሁም። ይህ ኀፍረት ከትምህርት ጋር የሚመጣ በሽታ መሆኑ ነው የሚያሳዝነው።

ትምህርትም ብንል እውነተኛው የአገራችን ትምህርት እንዲህ አልነበረም። ይህ የእኛ ደጋ የመጻሕፍት አገር ነው። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። በእነዚህ ጉባኤዎች ያደገ ጸሐፊ ብዕሩን ከመቃ ይቀርፃል፤ ቀለሙን ራሱ ይበጠብጣል፤ የፍየሉን ቆዳ ወጥሮ፣ አልፎ፣ አለስልሶ ብራና ያደርገዋል። ይህን የሚሠራውን ሰው ምን ብለን እንጠራዋለን? ብራና ፋቂ! እንግዲህ ልብ በሉ። የኮራንባቸው ዳዊቶች፣ ገድሎችና ታሪከ ነገሥቶች ሁሉ በመጀመሪያ የፋቂ ሥራ ናቸው። ከፊደሉ በፊት ፍቂያው ነበር። ወዳጄ ሆይ፣ «ፋቂ» ስትለኝ የስድብ ቃል የወረወርህ መስሎህ የሙያ አባቶቻችንን ስም ነው የሰጠኸኝ። ያኔ መላጊያዬን ከመደበቅ ይልቅ ቀና ብዬ «አሜን» ማለት ነበረብኝ።

ይህም ብቻ አይደለም። ቅኔያችንን የምንመዝንበት ሚዛን ራሱ የማን ነው? «ሰምና ወርቅ» እንላለን። ቃሉን ያዋሰን አንጥረኛው ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ጌጥ በመጀመሪያ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጣል፤ በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በባዶው ስፍራ ወርቁን ያፈስሳል፤ ሲበርድ ጭቃውን ሰብሮ ጌጡን ያወጣል። የቅኔ ሊቃውንቱ ይህን አይተው ነው ላይ ያለውን ቃል ሰም፣ ውስጥ ያለውን ምሥጢር ወርቅ ያሉት። የምንኮራበት የግጥም ጥበባችን ትልቁን ስም የወሰደው በማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ከሚፈራ ሰው ምድጃ ነው። ሚዛኑን ወሰድን፣ ባለቤቱን በር ዘጋንበት። እኔስ ምን አደረግሁ? የሽማግሌውን ዋንዛ ወሰድሁ፣ ጥበባቸውን ወሰድሁ፣ ስማቸውን ሰረዝሁ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ደግሞ ይህን የምለው ከየትኛው ከተማ ሆኜ ነው? ከደብረ ታቦር! በእግር በሚደረስባት በጋፋት፣ አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓመታት መድፍ ያስቀልጡ ከነበረበት አጠገብ። የወንጌል መልእክተኞች ሆነው የመጡትን አውሮፓውያን ሠራተኞች መድፍ ሥሩ ብለው ያዘዙት እዚህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች አልተሳኩም፤ ንጉሡ ግን አልተዉትም። በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የምትመዝነው ሴባስቶፖል ወጣች። ከጥቅምት 1860 ዓ.ም. ጀምሮ ገደል እየተናደ፣ መንገድ እየተቀደደ፣ በሰው ክንድ እየተጎተተች እስከ መጋቢት ድረስ ወደ መቅደላ ተወሰደች። መንገዱ ሲቀደድ ንጉሠ ነገሥቱ በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር የዘመኑ ሰዎች ጽፈዋል። ንጉሥ! የጋፋትን ታሪክ የጭካኔና የግዳጅ ታሪክ ነው የምትሉ አላችሁ፤ እውነት አላችሁ፤ ሠራተኞቹ በፈቃዳቸው አልነበሩም፤ ንጉሡም ወደ መቅደላ ሲነሡ ይህችን ከተማ አቃጥለው ነው የሄዱት። ያን አልሸፍንም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ የደብረ ታቦር ልጅ ሆኖ በእጅ ሥራ ማፈር የራስን አፈር አለማወቅ ነው።

አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን እያነሡ ሲገሥጹ የሚጽፈውንም ሰው አልረሱትም፤ እርሱም «ጠንቋይ» እየተባለ ይሰደብ ነበርና። እንግዲህ ያኔ እኛና ባለ እጁ በአንድ አዋጅ፣ በአንድ ጥላ ሥር ነበርን። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። እኛ ከጥላው ወጥተን የተሳዳቢዎቹ ወገን ሆንን።

አሁን የሚቀርቡብኝን መልሶች ልስማ። አንደኛው እንዲህ ይላል፦ «ይህ የደመወዝተኛ ጨዋታ ነው። አንተ በወር መጨረሻ ደመወዝህ ይገባልሃል፤ እሑድ እሑድ እንጨት ብትፍቅ ሙያ አይደለም። ባለ እጁ ግን በድህነት ውስጥ ነው፤ ድህነቱን አታስጊጥለት።» ይህ ክርክር ከሁሉም ይከብደኛል፤ ምክንያቱም እውነት ነው። የሽማግሌው ልጅ የአባቱን ሙያ ትቶ ባጃጅ ያሽከረክራል። ለምን እንደ ተወው ጠይቄው ነበር። ገንዘቡን አላስቀደመም። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ማሲንቆ የአባቴ ሥራ መሆኑን ተናግሬ አላውቅም» አለኝ። ባጃጅ መንዳት አያሳፍርም፤ እንጀራ ነው። ግን አንድን ሙያ ድህነት ብቻውን አይገድለውም፤ ድህነትና ኀፍረት ሲተባበሩ ነው የሚገድሉት። ድህነቱን እኔ በአንድ ጽሑፍ አላነሣውም። ኀፍረቱን ግን የምንፈጥረው እኛ ነን፤ ስለዚህ ማንሣቱም በእጃችን ነው።

ሁለተኛው ደግሞ «ያገር ምርት ግዙ የሚል ስብከት ነው» ይለኛል። አይደለም። ባንክ ነው የምሠራው፤ የውጭ ምንዛሪ ምን ማለት እንደሆነ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ምን ያህል እንደ ናረ ከመስኮቴ ጀርባ አያለሁ። ግን ማንም ጊታሩን ጥሎ ክራር ያንሣ አላልሁም፤ ጊታሩም ፈረንጅ ነው፣ እወደዋለሁ። ምንዛሪ ለማዳንም አልፋቅሁም። ፕላስቲኳ ተልካ በጊዜው ብትደርስ ኖሮ እለጥፋት ነበር፤ ኃጢአትም አይሆንብኝም። ኃጢአቴ ዋንዛዋን በፕላስቲክ ስም መጥራቴ ነው።

ሦስተኛው «የእጅ ሥራ ጥራት የለውም» ይላል። የእኔዋ እንከን አላት፤ በአንድ ጎኗ ሞረዱ አልፎኝ ጥቂት ጎደል ብላለች። ዋንዛ ከፕላስቲክ ይልቅ ቶሎ ይጫራል፤ ይህም እውነት ነው። ግን ሲጫር መልሼ እፍቀዋለሁ፣ ዘይት አጠጣዋለሁ። ፕላስቲኳ ስትሰበር ግን ከመጣል በቀር ምን ላደርጋት እችል ነበር?

የሥነ ጽሑፍ ወዳጆችን በተለይ የሚያሳስበን ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቃል። በእነዚያ ሳምንታት ከሽማግሌው አፍ የሰማኋቸው ቃላት በየትኛውም ግጥሜ ውስጥ አልነበሩም። የእንጨት «አንጓ» እንዴት እንደሚነበብ፣ ሞረድ ከመላጊያ በምን እንደሚለይ፣ ዋንዛ ለምን ለከበሮ፣ ወይራ ለምን ለእጀታ እንደሚመረጥ ሳላውቅ ስለ እንጨት ስንት ግጥም ጽፌአለሁ! በግጥሞቼ ውስጥ ያለው ዛፍ ሁሉ «ዛፍ» ብቻ ነው። ስም የለውም። እጁ የተሰረዘበት ሥነ ጽሑፍ ውሎ አድሮ ቃሉም ይነጥፋል፤ «ልብ»፣ «ዕንባ»፣ «ጨረቃ» ብቻ ይቀሩታል። ባለ እጁ ዝም ሲል መዝገበ ቃላታችን አብሮ ዝም ይላል። ስለዚህ የምከራከረው ለሽማግሌው ውለታ ለመክፈል ብቻ አይደለም፤ ለራሳችን ህልውና ጭምር ነው።

ስለዚህ በዚያች ምሽት የጠየቅሽኝ እኅቴ ሆይ፤ ይህን ካነበብሽ መልሴ ይኸው። እንጨቷ ዋንዛ ናት። ከአዲስ አበባ አልመጣችም፤ ደብረ ታቦር ውስጥ ከፈረሰ ቤት መዝጊያ የተገኘች ናት። የፋቅኋት እኔ ነኝ፤ ያስተማሩኝ ከመጨረሻው ወንበር ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። አንተም ወዳጄ፣ ቀልድህ ቀልድ ነበር፤ አልተቀየምሁህም። ክፉው ቀልዱ አልነበረም፤ የእኔ መደንገጥ ነው። ነገ ይህን ጽሑፍ አትሜ ወደ ሽማግሌው ቤት ልሄድና በፊታቸው ላነብላቸው አስቤአለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ምናልባት እንደ ልማዳቸው መጋዙን ይሰጡኝ ይሆናል።

ሙግቴን በእነዚህ ስንኞች ልዝጋው።

ሰሙን ያበጀ እጅ፣ ወርቁን ያፈሰሰ፣
ስሙ ተረሳና፣ ቅኔው ተወደሰ።
እኔም በአንዲት ቃል ሸጥሁት፣ ያስተማረኝን እጅ፣
ጭብጨባ ገዛሁ፣ ከማላውቀው ሰው ደጅ።
ዋንዛው ግን አልዋሸም፣ በመታሁት ቁጥር፣
ጭረቱ ያወራል፣ የሠሪውን ክብር።
ይምጣ የሚፍቅ እጅ፣ ይምጣ የሚጽፍ ጣት፣
ሁለቱን ያጠባች፣ ያቺው አንዲት እናት።

ቸር ይግጠመን።
ደብረ ታቦር